የቅበላ ዘይት

«ግሩም! አንተ ግሩም! እስቲ ወዲህ ና!»

ድምፁ የመጣው ከመኪና ሥር ነው። ግሩም የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንዳደረገ በረንዳው ላይ ቆመ። የሐምሌ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሮ ግቢው ጨቅይቷል። ፒካፗ ፊቷ በክሪክ ተነሥቶ፣ የኋላ ጎማዋ ድንጋይ ተደግፎለት ቆማለች፤ ከሥሯ የሚታየው የአባቱ የጋሽ ወልደ ጻድቅ ሁለት እግር ብቻ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው በዚያ ብርድ ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ተኝተዋል። ግሩም አፉን ተጉመጥሙጦ፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወረደና ጎንበስ ብሎ አየ። ሳፋው ውስጥ የወረደው የሞተር ዘይት ከጋሎን የተቀዳ እስኪመስል ድረስ ጥርት ያለ ነው። ያን ጊዜ ነው ልቡ ድንግጥ ያለው። ረስቶት ነበር። ለምን ይዋሻል፣ ጭራሽ ረስቶት ነበር።

«አየኸው? ማር እኮ ነው የወጣው» አሉ አባቱ ከሥር። «ፊልትሮውም ገና አቧራ አልነካውም። ልጄ፣ እኔ ይኸን ዘይት ቀይሬዋለሁ እንዴ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ለሰው ልጅ ብዙ የሚባል ነገር አለ። «እንጃ» ይባላል። «ቆይ ልይልዎ» ይባላል። እውነቱም ይባላል፤ እውነት ያን ያህል አይከብድም፣ አፍን አይሰብርም። የግሩም አፍ ግን ከነዚህ ሁሉ አንዱንም ሳይመርጥ ቀደመው።

«አዎ አባቴ፣ ባለፈው ሳምንት ቀይረውት የለም እንዴ?»

ቆይቶ ካርቶኑ ተንሻተተና ጋሽ ወልደ ጻድቅ ወጡ። ቁጭ ብለው እጃቸውን ገልብጠው አዩት፣ መልሰው አዩት።

«እኔ?»

«አዎ።»

«በእነዚህ እጆች?»

«አዎ እንጂ፤ ረስተውት ነው» አለ ግሩም። ሳቅ ለማለትም ሞከረ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ካለ በኋላ ወዴት ይመልሰዋል? በረንዳው ላይ ሚስቱ ሔራን የልጅቷን ምሳ ዕቃ ይዛ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

ሽማግሌው አዲሱን ጋሎን አልከፈቱትም። ንጹሕ ዘይት አይደፋም ብለው ያንኑ በነጭ ጨርቅ አጥልለው፣ በማንቆርቆሪያ ቀስ እያሉ ወደ ሞተሩ መለሱት። ወትሮ ይህን ሲሠሩ ያንጎራጉራሉ፤ ዛሬ ድምፅ የላቸውም። መጨረሻ ላይ ከሥር ገብተው የማፍሰሻውን ቡሎን ዳግመኛ ፈትሸው ከወጡ በኋላ መፍቻውን ለልጃቸው ሰጡና «አንተ ደግሞ እይልኝ፤ እኔን አትመነኝ» አሉት። ግሩም ሸሚዙን ለብሶ ነበር። ከነሸሚዙ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ እንደ ድንጋይ የጠበቀውን ቡሎን በመፍቻ ነካ ነካ አድርጎ ወጣ።

ጋሽ ወልደ ጻድቅ ሠላሳ ዓመት የመንገድ ሥራ ገልባጭ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ዘይት የሚቀይሩት በኪሎ ሜትር አይደለም፣ በጾም ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ የሐዋርያት ጾም ሊገባ ሲል፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ የገና ጾም ሊገባ ሲል፣ ሰው ለቅበላ ሥጋ ሲገዛ እሳቸው ዘይት ይገዛሉ። «ሰው ቅበላ ካለው መኪናስ ምን በድላ?» ይላሉ። በዚህ ሥርዓት ስንትና ስንት መኪና አርጅቶ ጡረታ ወጥቷል፣ በእሳቸው እጅ ዘይት አጥቶ የነከሰ ሞተር ግን የለም። ይህን በደስታ ቀን ጠላ ሲቀምሱ ይናገሩታል፤ የሚክድ ሰው ካለም እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ምስክር ይጠራሉ። ሚስታቸው እማማ የብርጓል ስታርፍ ግሩም ከእንፍራንዝ አምጥቶ ከዚህ ቤት አስገባቸው። ያኔ ሰውዬው ሰው አልነበሩም። ለእንግዳ የታሰበችው፣ አንድ አልጋና አንድ ቁም ሣጥን የያዘች ክፍል ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። ይብሉ ሲሏቸው ይበላሉ፣ ካልተባሉ ደግሞ አይጠይቁም። ዜማ፣ የልጅ ልጃቸው፣ ገብታ ስትቀመጥ ራሷን ይዳብሷታል፤ ያን ያህል ነው።

ግሩም በአንድ የግንባታ ድርጅት የግዥ ባለሙያ ነው። ፒካፗን በብድር፣ ከነላስቲኳ፣ ከወኪሉ ገዝቶ ባመጣት ሰሞን የዐቢይ ጾም ሊገባ ነበር። አባትየው መስኮት ከፍተው አዩዋት። በማግስቱ ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ፣ በልተው ወጡ፣ «መፍቻ አለህ?» አሉ። መኪናዋ ግን ዋስትና አላት፤ ወኪሉ ደግሞ ከእኔ ጋራዥ ውጭ ዘይቷን ሰው የነካ እንደሆነ ዋስትናው አበቃ ብሎ አስፈርሞታል። እንግዲህ ምን ይበላቸው? «ተመልሰው ወደ ግድግዳው ይዙሩ» ይበላቸው? አላላቸውም። መፍቻ ገዛላቸው። እሳቸው ቀየሩ፤ በሳምንቱ ግሩም «የመስክ ሥራ አለብኝ» ብሎ መኪናዋን በመራዊ መንገድ ወዳለው የወኪሉ ጋራዥ ወሰዳትና ያባቱን ዘይት አስደፍቶ እንደገና አስቀየረ። ፊልትሮውን ራሱ ከዚያው ከወኪሉ እየገዛ ስለሚያመጣላቸው ያባትየውና የጋራዡ አይለይም። እንዲህ ሲባል ሁለት ዓመት ሆነ። የአንድ ጋሎን ዘይት ዋጋ ሰው በሚያስለቅስበት ዘመን፣ በባሕር ዳር ከተማ በየጾሙ ሁለቴ ቅበላ የምትቀበል መኪና የግሩም ብቻ ነች!

ለዘንድሮው ፍልሰታ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ባለፈው ዓርብ ከጋራዡ ደወሉለትና «ዛሬ ካልመጣህ እስከ መስከረም ወረፋ የለም» አሉት። ሄደ፣ አስቀየረ። አባቱን «ለሐዋርያት ቀይረዋት የለ፣ ፍልሰታን ይለፏት» እላቸዋለሁ ብሎ አሰበ። ቅዳሜ ሊላቸው ነበር፣ እንግዳ መጣ። እሑድ ሊላቸው ነበር፣ ፊታቸው በጣም ፈክቶ አያቸውና ተወው። ሰኞ ረሳው። ማክሰኞ ሐምሌ ሠላሳ፣ የፍልሰታ ቅበላ፣ ይኸው ነጋ። መኪናዋ የናፍጣ ብትሆን እንኳ አንድ ሁለት ቀን ስትሄድ ዘይቷን አጥቁራ ታስጥለው ነበር፤ ቤንዚን ጠጪ ሆነችበት። ሽማግሌውስ ቢሆኑ እንዴት ይጠርጥሩ? አንድን ዘይት ሁለቴ የሚያስቀይር ሰው በዚህ ዓለም ይኖራል ብለው አያውቁም። ልጃቸው ይዋሻል ብለውም አያውቁም።

ሌላ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ሁሉንም የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ፤ ዜማን ወደ ክረምት ትምህርቷ፣ ሔራንን ወደምታስተምርበት ኮሌጅ፣ ልጃቸውን ወደ ቢሮው፤ ከዚያ መኪናዋን ለእሱ ትተው ራሳቸው በባጃጅ ይመለሱ ነበር። ዛሬ ቁልፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው አወጡና ለግሩም ዘረጉለት።

«አንተ አድርሳቸው» አሉ።

«ምነው አባቴ፣ እርስዎ...»

«አንተ አድርሳቸው ብያለሁ። ልጅ ይዤ መንገድ አልገባም።»

ሔራን ዜማ ከመኪናው እስክትወርድ ድረስ አልተናገረችም። ልጅቷ ቦርሳዋን አዝላ በር ውስጥ ስትገባ ጠብቃ ወደ ባሏ ዞረች። የአዲስ አበባ ልጅ ነች፤ ሲናደዱ ድምፅ ዝቅ ማድረግን ከናቷ ተምራለች።

«ምንድን ነው ያልካቸው?»

«አምልጦኝ ነው።»

«አምልጦኝ ነው! ሰውዬውን አብደዋል ብለህ ነገርካቸው እኮ። ስንቴ አልኩህ? የመጀመሪያው ቀን አልነገርኩህም? ንገራቸው፣ ይገባቸዋል፣ ሾፌር ናቸው አላልኩህም? አንተ ግን አይ፣ ይከፋቸዋል። አሁን ደስ አላቸው?»

ግሩም ወደ መንገዱ ገባ። ከፊት ለፊቱ ባጃጆች እንደ ንብ ይርመሰመሳሉ፤ አንዱ ጡሩንባ ነፋበት።

«ዛሬ ነው የምትነግራቸው» አለች ሔራን። «ጾሙ ሳይገባ። ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ፤ አፈር ስሆን ነው የምልህ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እነግራቸዋለሁ» አላት።

ቢሮ ገባ እንጂ ሥራ አልሠራም። የሲሚንቶ ጨረታ ተከፍቶ ሦስት ሰዎች ፊቱ ላይ ተጨቃጨቁ፤ እሱ የሚታየው ተገልብጠው የታዩት እነዚያ እጆች ናቸው። እንዴት አድርጎ እንደሚነግራቸው አውጥቶ አውርዶ አንድ ዘዴ መጣለት። ባዶ እጅ ይዞ ከመግባት «ከዛሬ ጀምሮ መኪናዋን ከእርስዎ በቀር የሚነካት የለም» ብሎ ቢገባ፣ ጥፋቱን በካሣ ጠቅልሎ ቢያቀርብ ይሻላል። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ጋራዡ ነዳ። እዚያ ሕዝቅኤል የሚባል የደንበኞች ተቀባይ አለ፤ ፀጉሩን የሚያብለጨልጭ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ነገረኛ ልጅ። ግሩምን ከሩቅ ሲያየው ሳቀ።

«ምነው፣ አባትህ እንደገና ቀየሩት እንዴ?»

ለካ ያውቃሉ! ቀድሞውንስ እንዴት አያውቁም፤ በየጾሙ ንጹሕ ዘይት ይዞ እየመጣ የሚያስደፋ ደንበኛ የሚረሳ መካኒክ የት አለ? ሕዝቅኤል እንደነገረው ከሆነ ያባቱ ዘይት ተደፍቶም አያውቅም። መካኒኮቹ ዕጣ ይጣጣሉበታል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ሞተር ብስክሌት ለዚያ ወር ትጠግባለች። «አባትህን እኮ ሳናያቸው ነው የምንመርቃቸው» አለ፣ እውነቱን ነው። ግሩም ሊስቅ አልቻለም። ዋስትናውን ጠየቀው፤ ከእንግዲህ አባቴ ብቻ ቢቀይሯት፣ እናንተ ባትነኳት፣ ምን አጣለሁ? ሕዝቅኤል ኮምፒውተሩን ነካካና ቀና አለ።

«ምንም አታጣም። ዋስትናው እኮ አልቋል። ሰኔ ላይ ነው ያለቀው።»

«ሰኔ? ታዲያ ዓርብ ዕለት ለምን ጠራችሁኝ?»

«ደንበኛችን ስለሆንክ ነዋ! አትምጣ ይባላል እንዴ?»

ግሩም ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ሞተሩን አላስነሣም። ሰኔ! ማለቂያውን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። ዓርብ ዕለት ሲደውሉለት ዋስትና የሚባለው ነገር ትዝ ብሎት ነው እንዴ እየሮጠ የሄደው? አይደለም። አሁን ብቻውን ሲሆን ራሱን መሸንገል አልቻለም። አባቱ ዘይት በቀየሩ በማግስቱ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ማንም ሳያየው ጎንበስ እያለ ከመኪናው ሥር የፈሰሰ ነገር አለ ወይ ብሎ ያይ ነበር። አንድም ቀን ጠብታ አላገኘም፤ ግን ሁልጊዜ ያይ ነበር። ዋስትናው ሰበብ ነው። ያላመነው እጃቸውን ነው። ሰው ሁሉ የሚያምነውን እጅ፣ ገደል ለገደል እየነዳ እሱን አብልቶ ያስተማረውን እጅ፣ እሱ አላመነውም።

እዚያው እንደተቀመጠ ስልኩ ጮኸ። አብዱልበሲጥ ነው፣ መለዋወጫ ነጋዴው፤ አባቱ ዘይት የሚገዙት ከእሱ ነው። የወረታ ሰው ነው፣ ከጋሽ ወልደ ጻድቅ ጋር ከገልባጭ መኪናው ዘመን ጀምሮ ይተዋወቃሉ። እንደ ሥርዓቱ የቤት ሰው ደኅንነት ጠየቀ፣ የልጅቷን ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ተናገረ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ተለወጠ።

«ግሩሜ፣ አባትህ አሁን ከኔ ዘንድ ነበሩ። የመፍቻ ሣጥናቸውን በባጃጅ ጭነው አምጥተው ጥለውልኝ ሄዱ። ለሚሠራበት ሰው ስጠው ነው የሚሉት። ምን ሆነዋል? ጤና ናቸው?»

ግሩም ሱቁ ሲደርስ ሣጥኑ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጧል። መፍቻዎቹ አንድ በአንድ በቤንዚን ታጥበው፣ ደርቀው፣ በልካቸው ተደርድረዋል። አብዱልበሲጥ ወንበር ስቦ ሰጠው፣ ሻይም አዘዘለት፤ ግሩም አልጠጣውም።

«ረሳሁ፣ አእምሮዬ ከዳኝ ይሉኛል» አለ አብዱልበሲጥ። «እኔ ወላሂ አላመንሁም። አሁን እዚሁ ቁጭ ብለው፣ ድሮ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ አባቴ የነበረውን መኪና ታርጋ ቁጥር ነገሩኝ። እኔ ራሴ እኮ ረስቼዋለሁ! እንዲህ ያለ ሰው ምን ይረሳል?»

«ወዴት ሄዱ?»

«ወደ ሐይቁ ነው የወረዱት። በእግራቸው።»

ሣጥኑን ተሸክሞ የጫነለት ራሱ አብዱልበሲጥ ነው። በሩን ሲዘጋለት «ብቻቸውን አትተዋቸው» አለው። ግሩም አንገቱን ነቀነቀ። ለዚህ ደግ ሰው እንኳ እውነቱን መንገር አልቻለም፤ ያሳፍራላ!

አባቱን ያገኛቸው ከጀልባ ማቆሚያው አለፍ ብሎ፣ ሾላዎቹ ሥር ካለ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ነው። ጣና ክረምቱን ጠጥቶ ቀልቶ ደፍርሷል፤ ማዶው በጉም ተሸፍኗል። ሁለት ሰዎች ከታንኳ እንጨት ያወርዳሉ። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ጣታቸውን ያጥፋሉ። ልጃቸው አጠገባቸው ሲቀመጥ አልደነገጡም።

«ራሴን እየፈተንሁት ነው» አሉት። «ከዚህ ተነሣሁ። ዘንዘልማ፣ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ እንፍራንዝ፣ ማክሰኝት። በመካከል ያለውን ድልድይ ሁሉ አንድ ሳይቀር ጠራሁት። በየትኛው ክረምት የትኛው እንደተደረመሰም አውቃለሁ። እናትህን ያገባሁበትን ቀን አውቃለሁ፣ የለበሰችውንም አውቃለሁ። የዘይቱ ነገር ብቻ ነው የጠፋኝ። ከጠዋት ጀምሬ ብፈልገው ብፈልገው የለም።»

ግሩም አሁን ነው፣ አለ በልቡ፤ ሰው የለም፣ ልጅ የለም፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

«አባቴ...»

«እናቴን አልደረስህባትም» አሉ ሽማግሌው፣ እንዳልሰሙ ሆነው። «እንዲህ ነው የጀመራት። ወጥ ላይ ሁለቴ ጨው ጨመረች፤ ሳቅን። ኋላ የበሬዎቹን ስም ረሳች፤ አሁንም ሳቅን። መጨረሻ ላይ እኔን ከደጅ አቁማ፣ ‹አንተ የማን ልጅ ነህ?› አለችኝ። እግዚአብሔር ከዚያ ቀን በፊት ይውሰደኝ። ነገ የማኅበራችን ሽማግሌዎች ለሱባኤ ወደ ደሴቱ ገዳም ይሻገራሉ፣ ከነስንቃቸው እስከ ጀልባው የማደርሳቸው እኔ ነበርሁ። ለማኅበሩ መሪ ለአለቃ ቃለ ሕይወት ‹ሌላ ሰው ፈልጉ› ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ልጅ ብገጭስ? መሪ ይዤ ወዴት እንደምሄድ ቢጠፋኝስ? እኔም አብሬያቸው እገባለሁ። ጠበሉን እጠመቃለሁ።»

ከአንገታቸው በላይ የሚናገሩ አልነበሩም። ፈርተዋል። ግሩም አባቱን ፈርተው አይቶ አያውቅም፤ በእናቱ ቀብር እንኳ አዘኑ እንጂ አልፈሩም። ይህን ፍርሃት ያመጣው እሱ ነው፣ በጥርስ ሳሙና በተለወሰ አፉ። ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ፤ አባቱ ዞር ብለው በእምነት አዩት፣ እንደ ሐኪም አዩት።

«ሊዘንብ ነው፣ አባቴ፤ እንሂድ» አለ።

መኪናው ውስጥ ሽማግሌው ተሳፋሪው መቀመጫ ላይ ናቸው፤ ቀበቶውን ለማሰር ቦታው ጠፋቸው፣ በዚያ በኩል ተቀምጠው አያውቁማ። ግሩም አሰረላቸው። ቅበላው ስለሆነ ሥጋ ቤቶች ደጅ ሰው ተሰልፏል፤ የአንዱ ኪሎ ዋጋ በካርቶን ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል፣ አንዲት ሴት ዋጋውን እያየች ትሳደባለች። ሌላ ቀን ቢሆን አባትና ልጅ በዚያ ላይ ብቻ እስከ ቤት ድረስ ያወሩ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው በመካከሉ ውሸት ሲቀመጥ ስለ ሥጋ ዋጋ እንኳ መጫወት ያቅተዋል።

ሔራን ጥብሱን ጠብሳ፣ ዓይቡን አውጥታ፣ ሳሎኑን ወልውላ ጠበቀቻቸው። ሳሎኑ ትንሽ ነው፤ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ ከሞሉት በኋላ ለገበታው የምትተርፍ አንድ ጥግ አለች። መስኮቱ ላይ ዝናቡ ይመታል። ሔራን ለአማቷ እጅ አስታጠበችና ባሏን አየችው። ግሩም በዓይኑ «አሁን» አላት። ዜማ ከአያቷ ጎን ተለጥፋ ተቀምጣለች። ጋሽ ወልደ ጻድቅ ቆርሰው ባረኩ፤ አንድ ጉርሻ ለዜማ፣ አንድ ለሔራን አጎረሱ። ግሩም እጁን ገበታው ላይ እንኳ አላሳረፈም።

«አባቴ፣ ከመብላታችን በፊት የምነግርዎ ነገር አለ። ጠዋት ስለ ዘይቱ...»

«ቆይ!»

ሽማግሌው የጠቀለሉትን ጉርሻ መሶቡ ላይ አስቀመጡት። ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ተተከለ፤ ፊታቸው ቀስ በቀስ፣ ከግንባራቸው ጀምሮ በራ።

«ቆይ፣ ቆይ! መጣልኝ! እሰይ! ዝናቡ እኮ ነው፣ ዝናቡ ነው ያስታወሰኝ! ሐሙስ ዕለት ነው፣ አይደለም? ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ መጣና መኪናዋ ሥር ሳለሁ ካርቶኑን አራሰብኝ። ዜማዬ ጃንጥላ ይዛልኝ ቆመች። ቡሎኑ ጠበቀብኝና አንተን ጠራሁህ፤ አንተ ከቤት እየሮጥህ መጥተህ አላላህልኝ። ‹አባቴ አረጁ› ብለህ ስትስቅብኝ፣ እኔም ‹ያረጀው መፍቻው ነው› አልሁህ። እንዴት ነው ይኸ የጠፋኝ፣ ጃል! ይኸው አሁን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። እንዲያ አልነበረም?»

ሐሙስ ዕለት ግሩም ቢሮ ነበር፣ መኪናዋም ከእሱ ጋር ነበረች። ካርቶን የለም፣ ጃንጥላ የለም፣ ሳቅ የለም። ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ ሲፈልጉት የዋሉትን ነገር ፍርሃታቸው ራሱ ሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ አምጥቶላቸዋል። አሁን እውነቱን ቢነግራቸው ምን ይሆናል? ጠዋት ቢነግራቸው ይቀየሙት ነበር፤ ሐይቁ ዳር ቢነግራቸው ይቆጡት፣ ምናልባትም ይስቁ ነበር። አሁን ግን ይኸ ሁሉ አልሆነም ካላቸው፣ የሚያዩትን ሁሉ ከየት እንዳመጡት ራሳቸውን ሊጠይቁ ነው። ውሸቱ በአንድ ቀን አድጎ፣ እውነቱን ራሱን ሰው የሚገድል መድኃኒት አድርጎት ቁጭ አለ።

«አባባ፣ እኔ እኮ ጃንጥላ...» አለች ዜማ።

«ዝም በይ!» አለች ሔራን። ጾሙ ሳይገባ እኔው እነግራቸዋለሁ ያለችው ሔራን ናት እንግዲህ። ያወጣችው ድምፅ ራሷን አስደነገጣትና የልጅቷን ፀጉር መዳበስ ጀመረች። «ብይ እናቴ፣ ሲያወሩ አይገባም።»

ሽማግሌው ልጃቸውን ብቻ ያያሉ። ይጠብቃሉ። ጢማቸው ላይ ትንሽ የእንጀራ ፍርፋሪ ተይዟል።

«እንዲያ አልነበረም ግሩም?»

«ነበር እንጂ» አለ ግሩም። «እኔም አሁን ገና ትዝ አለኝ።»

«እሰይ! እሰይ!» ጋሽ ወልደ ጻድቅ ጭናቸውን መቱ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አላፈሩበትም። ለአለቃ ቃለ ሕይወት አሁኑኑ ደውልልኝ፣ ነገ የማደርሳቸው እኔው ነኝ በልልኝ አሉ። መፍቻዬንም ከአብዱልበሲጥ አስመልስልኝ አሉ። መኪናው ላይ ተጭኖ መጥቷል ቢላቸው ደግሞ ባሰባቸው፤ አይ ልጅ፣ አይ አስተዋይ ልጅ፣ ሳልነግረው አውቆ አመጣልኝ አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ በሁለት እጃቸው አየሩን ይዘው ለምርቃት ተነሡ። ሲመርቁ ተቀምጦ መቀበል ነውር ነውና ሔራን ተነሣች፣ ግሩምም ተነሥቶ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ውለታህን እግዚአብሔር ይክፈልህ። ሲጠፋኝ ያስታወስኸኝ፣ ብርሃንህ አይጥፋ። አንተ እኔን እንደ ጦርኸኝ፣ ልጅህም እንዲሁ አድርጋ ትጡርህ። በእርጅናህ ዘመን ልክ እንዳንተ ያለ ልጅ ከጎንህ አትጣ።»

«አሜን» አለ ግሩም።

«አሜን» አለች ሔራን።

«አንቺስ ዜማዬ? ላንቺም እኮ ነው፤ አሜን በይ እንጂ» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸውን እንደዘረጉ።

ዜማ ዓይኗን ከአባቷ ላይ ሳታነሣ «አሜን» አለች።